አንድ ሚሊ ናልትሬክሶን፣ አንድ ኩባያ አብሽ

ትራማዶል የምትወስዱ ወይም ትራማዶል የሚወስድ ሰው የምታስታምሙ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እጠይቃለሁ። ሌሎቻችሁ እንደ ፈቃዳችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የምጽፈው በራሴ ገላ ላይ የሆነውን ብቻ ነው። ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ከአንደኛ ክፍል፣ በዕድሜ ከሚያንሰኝ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ። ዲግሪዬን ስይዝ ሠላሳ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። ይህን የማነሳው እንድመሰገን አይደለም። ሰሌዳ ፊት መቆም ለእኔ ምን እንደሆነ ካልተነገረ፣ ሕመሙ ሊወስድብኝ የነበረው ነገር አይታይም።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። ሰሌዳ ላይ ብዙ ስለምጽፍ ነው ብዬ ተውኩት። በወሩ ግራውም ተከተለ። ከዚያ ወገቤ፣ ዳሌዬ፣ ጉልበቴ፣ በመጨረሻ የእጄ ጣቶች። የሚያምሽን ቦታ አሳዪ ስባል የማያመኝን ማሳየት ይቀለኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ምንም እንዳልተኛ ሰው ደክሞኝ እነሳለሁ። በባሰብኝ ቀን የሂጃቤ ጠርዝ አንገቴን ሲነካው እንኳ ያመኛል። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በመሐላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ መታጠፊያ በዚህ ገላ መውረድ ምን እንደሚመስል ይገምት።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ አለኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከለኝ። አራተኛው ቫይታሚን አንሶሻል ብሎ ተከታታይ መርፌ አዘዘልኝ፤ የመርፌው ቦታ ከሌላው ሕመም ላይ ተጨመረ። ራጅ ተነሳሁ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ደም ሰጠሁ። ባለቤቴ ይመር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። በዚያ ዓመት ሱቁን ሊያሰፋ አስቦ ሳያሰፋ ቀረ፤ ስለ ወጪው ይህን ካልኩ ይበቃል።

ተራ መጠበቂያ ላይ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። «አንቺስ ምንሽን ነው?» ይሉኛል። «ሁሉንም» ስል አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ አንዳንዱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። አንዲት የማላውቃት ሴት ግን ምንም ሳትጠይቀኝ ጋቢዋን አራት አጥፋ ከወገቤና ከአግዳሚው መሐል አስገባችልኝ። ስሟን አልጠየቅኩም። ከዚያ ዓመት ምርመራዎች ሁሉ ያስታገሰኝ እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ውጤቱ በየጊዜው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። ንጹሕ መሆኑ ለቤት ሰው ክፉ ነገር ነው። ይመር ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ «እንግዲህ ምንም የለብሽም ማለት ነው» አለኝ አንድ ቀን። በደግነት ነበር ያለው። እኔ ግን ለሦስት ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላናገርኩትም።

ትራማዶል የገባው በዚህ መሐል ነው። ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከሞርፊን ወገን። አንድ ክሊኒክ ለሁለት ሳምንት አዘዘልኝ፤ እኔ አሥር ወር ወሰድኩት፣ በቀን ሁለት ፍሬ። መጀመሪያ ላይ ረድቶኛል፤ ይህን መካድ አልችልም። በኋላ ግን ሕመሙም ተመለሰ፣ መድኃኒቱንም መተው አቃተኝ። አንድ ፍሬ ከረሳሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል።

ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ትቼ ተቀምጬ በቃል ማጻፍ ጀምሬ ነበር። ርእሰ መምህሩ ይህን አይቶ ቢሮው አስጠራኝ።

«ቲቸር ሩቅያ፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ብናስቀምጥሽስ?» አለኝ። «መጽሐፍ ትወጃለሽ። አረፍ ትያለሽ።»

«ክፍሎቼስ?»

«ሌላ ሰው ይይዛቸዋል።»

መጽሐፍ መውደዴ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በመጽሐፍ ወዳጅነት ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን መልስ ያሳጣል። እስከ መንፈቁ መጀመሪያ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደሴ ውስጥ ወደምትሠራ አንዲት ሐኪም ሄድኩ። ወጣት ናት። ወረቀቶቼን ሁሉ አየች፣ ትከሻዬን፣ ክርኔን፣ ዳሌዬን፣ ጉልበቴን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ከዚያ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል አለችኝ። ሥጋውም አጥንቱም ደኅና ሆኖ ሕመምን የሚያሳውቀው የነርቭ ሥርዓት ከልክ በላይ የነቃበት ሕመም ነው። «ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር ሌባ መጣ ብሎ ሰፈር የሚቀሰቅስ የመጋዘን ዘበኛ ያስቡ» አለች። «ዘበኛው አይዋሽም። በእውነት ሌባ የመጣ መስሎታል።»

ቀጥላ ናልትሬክሶን ስለሚባል መድኃኒት ነገረችኝ። በሙሉ መጠኑ መጠጥ ወይም ከሞርፊን ወገን የሆነ ሱስ ለሚተዉ ሰዎች የሚሰጥ ነው። ሥራው እነዚያ ነገሮች ሰውነት ውስጥ የሚያርፉበትን ቦታ መዝጋት ነው። በጣም ጥቂት ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ሕመም ያቀላል።

«ማስታገሻ የሚያርፍበትን ቦታ መዝጋት እንዴት ያስታግሳል?» አልኳት።

«ሰውነትዎ የራሱን ማስታገሻ ያመርታል። ቦታውን ለጥቂት ሰዓት ስንዘጋበት ያነሰው ይመስለውና አብዝቶ ያመርታል። መዝጊያው ሲነሣ ያ የተመረተው ይጠቅምዎታል። ሌላም የሚባል አለ፤ በነርቮች ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት ሲቆጡ ያበርዳቸዋል ይባላል። እንዲህ ይመስለናል። ጥናቱ ገና ጥቂት ነው።»

«ይመስለናል» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሐኪም ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ። ያመንኳትም ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። ትራማዶሉ መጀመሪያ መውጣት አለበት። በአምስት ሳምንት ቀስ እያልኩ እንድቀንስ፣ ከዚያ አሥር ቀን ሙሉ ከእሱም ከመሰሎቹም ንጹሕ እንድሆን። «ገላዎ ውስጥ እያለ ናልትሬክሶን ከወሰዱ በአንድ ጊዜ ይነጥቅዎታል። በጣም ይታመማሉ» አለች።

መድኃኒቱ ደሴ ስላልነበረ አንድ መድኃኒት ቤት ከአዲስ አበባ አስመጣልን። ሊያመጣው የሄደው ይመር ነው። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ፋርማሲስቷ እጄን ያዘችኝ።»

«ለምን?»

«‹ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ስንት ዓመት እንደጠጡ አያስቡ፣ ብዙ ሰው ይተዋል› አለችኝ። ወረፋ ላይ ሰው ነበረ እኮ! ወላሂ፣ ቢራ የማውቀው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ሽታ ነው።»

«ለሚስቴ ነው አትላትም?»

«አልኳታ! ይሄኔ ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። ‹እሷንም አላህ ያግዛት› አለችኝ።»

በሕመሜ ዘመን ጎኔን ይዤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። አመመኝ፣ ግን ሳቅኩ።

ትራማዶሉን ጨርሼ ስተው እናቴ ከቦሩ ሜዳ አካባቢ ልታስታምመኝ መጣች። ሰባ ዓመት አልፏታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ስድስት ልጅ ግን አሳድጋለች። የተረፉኝን ፍሬዎች ለእሷ ሰጠኋት፤ እኔ ዘንድ ከሆነ እወስደዋለሁ ብዬ ፈራሁ። አሥራ አራት ፍሬ መሆናቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ። ሁሉን ነገር እጽፋለሁ፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ልማድ ይሆናል።

«እማ፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

«አብሽሪ፣ ልጄ» አለችና መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው «እምቢ» እንደ እምቢታ አይቆጠርም። በሽተኛ አልበላም ይላል፣ ይለመናል፣ ይጎርሳል። መራራውን አልጠጣም ይላል፣ ማር ውስጥ ተደብቆ ይሰጠዋል። እኛን ስድስታችንን ፌጦ ያጠጣችን እንዲያ ነው። በሽተኛው ኋላ ሲያውቅ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ደግነት የሚባለው ይሄው ነው፤ እኔም ራሴ ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከበዱኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ስቃትት እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ዱዓ ታደርጋለች። በአራተኛው ቀን ማታ አብሽ በማር አዘጋጅታ አመጣችልኝ። አብሹ እንደ ልማዱ መረር ይላል፤ ማሩ ያስታግሰዋል። ጠጣሁት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተሻለኝ። ለሕመሜ ከአሥር ነጥብ እየሰጠሁ የምጽፍበት ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ «አራተኛ ቀን። ማታ ከስምንት ወደ አምስት ወርዷል። ምክንያቱ አልታወቀም። አምስተኛ ቀን። እንደ ትናንቱ። አብሹ ይሆን?» ስድስተኛው ቀን ላይ ለሐኪሟ ደውዬ አብሽ የሚረዳኝ ይመስለኛል አልኳት። አብሽ ክፉ የለውም፣ ይጠጡ አለችኝ።

አሥሩ ቀን ተፈጸመ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እንደታዘዝኩት ሃምሳ ሚሊግራሙን እንክብል በሃምሳ ሚሊ ንጹሕ ውኃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ ሚሊ ቀድቼ ዋጥኩ። እናቴ አጠገቤ «ቢስሚላህ» አለች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማዛጋት ጀመርኩ። ማዛጋቱ አልቆም አለ። ዓይኔና አፍንጫዬ ይፈስሳሉ፣ የክንዴ ጠጉር ቆመ፣ ላቡ ልብሴን አራሰው። ሆዴን ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ደግሞ አስመለሰኝ። እግሮቼን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ይመር ባጃጅ ጠርቶ ሐኪሟ የምትሠራበት ክሊኒክ አደረሰኝ። ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፣ ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ተወጋሁ። ከሰዓት በኋላ በረደልኝ።

ሐኪሟ አልጋዬ ዳር ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትራማዶል ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

«አልፈርድብዎትም። ብዙ ሰው ያቅተዋል።»

«አልወሰድኩም አልኩ እኮ።»

መዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ የአስተማሪ ልማድ ነው። «ታካሚዋ አልወሰድኩም ትላለች» የሚል ነበር። ከማስመለሱ ይልቅ እሱ ቆረቆረኝ።

«እንግዲህ መድኃኒቱ አልተስማማዎትም ማለት ነው» አለች። «ከሆነ አንደግመውም።»

«ሌላ ምን አለ?»

የቀድሞ ወረቀቶቼን ደግማ ማገላበጥ ጀመረች። መንፈቁ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን በዓይኔ አየሁት፤ መደርደሪያዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ተማሪ እምብዛም አይገባበትም።

ቤት ገብቼ ማስታወሻዬን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ አነበብኩት። ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ እፎይታ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ። እናቴን ጠራኋት።

«እማ፣ ያን መድኃኒት አምጪልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ? ብለምንሽም አትስጪኝ ብለሽ የለ?»

«ልቆጥረው ነው።»

መቀነቷን ለመፍታት ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ቆጠርኩት። ሰባት።

«ሰባት ጎድሏል» አልኳት።

«እኔ አልዋጥኩትም» አለች።

«ማን ዋጠው?»

ወለሉን አየች። «አንቺ ነሽ የዋጥሽው።»

ይመር በር ላይ ቆሞ ነበር። «እንዴ! እንዴት አድርገው ነው፣ እማማ?» አላት።

«ፈልፍዬ አብሹ ውስጥ ጨመርኩላታ! አንተ ሱቅህ ትውላለህ፣ አትሰማት። ስትቃትት የምሰማት እኔ ነኝ። ያቺ ሐኪም ልጄን በምን ቂም ነው የምትከለክላት አልኩ። አንድ አንዷን፣ ማታ ማታ። ደግሞ ሲሻላት አይቻለሁ!»

አሥር ቀን ንጹሕ ነኝ ያልኩበት ገላ ሰባቱን ማታ ትራማዶል ሲያገኝ ነበር ማለት ነው። ለእናቴ ምን እንደማትሰጠኝ ነግሬያት ነበር። ለምን እንደማትሰጠኝ ግን አልነገርኳትም። አስተማሪ ነኝ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ተቀምጬ ሐኪሟ እንደነገረችኝ አድርጌ አስረዳኋት፤ ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ገላ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን። እየሰማች ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ነኛ ዛሬ ልገድልሽ የነበረው» አለች።

«አልሞትኩም።»

«አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ እማ።»

ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ልሄድ ስነሳ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። አይሆንም ብላት አልሰማችኝም። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሟ ወንበር ስትሰጣት አልቀመጥም አለች።

«ልጄ አልዋሸችም» አለች ሐኪሟን። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ ያጠጣኋት። እሷ አታውቅም።» ሁሉንም ተረከችላት፣ አብሹን፣ ማሩን፣ ሰባቱን ማታ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መዝገብ ጠቆመች። «አልወሰድኩም ትላለች ብለሽ ጽፈሻል አሉ። እሱን የጻፍሽበት ላይ ይሄንንም ጻፊው።»

ሐኪሟ ከት ብላ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። «እሺ እማማ፣ እጽፋለሁ።»

«ስትጽፊው ልየው።»

ጻፈች። እናቴ አንድም ፊደል የማትለይበትን መስመር እስኪያልቅ ቆማ ተከታተለች። የተቀመጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ከአሥር ትክክለኛ ቀናት በኋላ ሆነ። እነዚያን አሥር ቀናት እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ አብሽ አመጣች፣ ግን እፊቴ በጠበጠችው። በዚህኛው ጊዜ የጀመርነው በግማሽ ሚሊ ነው። ምንም አልሆነም። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት እየጨመርን ሄድን። መጀመሪያ ላይ ሕልሞቼ በጣም ብሩህ ሆኑብኝ፤ አንዴ የማላውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ደብተር ሳርም አደርኩ። በሳምንታት ውስጥ ሕልሙ ተወኝ።

ሕመሙ የቀነሰበትን ቀን መናገር አልችልም፤ ማስታወሻዬም አይናገርም። ከስምንት ወደ ሰባት፣ ወደ ስድስት፣ አንዳንዴ ተመልሶ ወደ ሰባት። በአምስተኛው ሳምንት ሐረጎን ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ አሥራ አንድ ገጽ ማንበቤን አየሁ። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ሁለቱንም እጆቼን የፊተኛውን ወንበር ለመጨበጥ ነበር የምፈልጋቸው።

አልዳንኩም። ዛሬም አራት ላይ ነኝ፣ በክፉ ቀን አምስት ወይም ስድስት። መድኃኒቱ ለሁሉም አይሠራም፤ ሐኪሟ ምንም ያልረዳቸው ሰዎች እንዳሉ ነግራኛለች። ብዙ ጎረቤት «ያን ውኃ ለእኔም ቅጂልኝ» ይለኛል፤ እናቴም ስለ ጉልበቷ ጠይቃኛለች። ለማንም አልቀዳም። ትራማዶል፣ ኮዲን ወይም የመሰለ ነገር የሚወስድ ሰው በእኔ የደረሰው ይደርስበታል፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስበት ይችላል። መጠኑንም ከእኔ ጽሑፍ ላይ አትውሰዱ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ናልትሬክሶን እንደምወስድ የሚገልጽ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ፤ አደጋ ደርሶብኝ ጠንካራ ማስታገሻ ቢያስፈልገኝ ሐኪሙ እንዲያውቅ ነው። የምታስታምሙ ደግሞ በሽተኛችሁ እንዳትሰጡኝ ያላችሁን አትስጡ። ካዘናችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

መንፈቁ ሲጀምር ርእሰ መምህሩ ውሳኔውን ለአንድ ወር አራዘመልኝ፤ ከዚያም ደግሞ ለአንድ ወር። በእነዚያ ሳምንታት ሰሌዳ ላይ አርእስቱን ብቻ እየጻፍኩ ሌላውን በቃል አስጻፍኩ። ከዚያ ሁለት መስመር። ከዚያ አንድ አንቀጽ።

ባለፈው ወር ማክሰኞ ዕለት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ አንቀጽ አጻፃፍ አስተማርኩ። ምሳሌውን ከሰሌዳው ግራ ጫፍ ጀምሬ ጻፍኩ፤ ሞላ። የላይኛውን አጥፍቼ ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዷ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«ቲቸር፣ በአላህ ይብቃን! እጃችንን አመመን!»

ክፍሉ ሳቀ። ሌላዋ እጇን አወጣችና ጣቶቿን እያፍታታች አሳየችኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩና እስኪደርሱብኝ ጠበቅኳቸው።